የወፍጮ ቤቱ እሺ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ሻንጣ መመዘን ነበር። በእኛ በመንዟ ከተማ በሞላሌ ለሻንጣ ተብሎ የተቀመጠ ሚዛን የለም፤ ያለው የእህል ሚዛን ነው። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣውን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን ወፍጮ ቤት ወሰድነው። ለጉዟችን ገና ሃያ አምስት ቀን ያህል ቀርቶት ነበር። "አሁን ምን አስቸኮለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ልካችንን እንወቅ" አለኝ። ለእሁድ ቅዳሴ የሚያደርገውን ጫማ ዓርብ ጠዋት የሚወለውል ሰው ነበር።

በሰው ፊት "እሳቸው" እለው ነበር። ቤት ውስጥ ግን "አንተ" ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይም "እሱ" ነው።

ሻንጣውን ያከበደው ባናው ነው። ከራሳችን በጎች ጠጉር ተፈትሎ፣ ተሠርቶ፣ ተረግጦ የወጣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ። የተሠራው ለልጅ ልጃችን ነው። ልጃችን ነርስ ናት፤ ከባሏ ጋር ጋምቤላ ትኖራለች፤ እዚያው ሴት ልጅ ወለደች። ጋምቤላ ሌሊት እንኳ አንሶላ የሚያስጥል አገር ነው። ይህን ልጃችን በስልክ ነግራናለች፤ እኔም በትምህርት ቤት አማርኛ ከማስተማሬ ሌላ መምህር ሲጠፋ ጂኦግራፊም አስተምሬ ስለነበር ካርታውን እያሳየሁ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን የልጅ ልጁ ያለ ባና ክርስትና ልትነሣ ነው የሚለውን ነገር ጆሮው ሊሰማው አልፈለገም።

"ሕፃን ሕፃን ነው፤ ይበርዳታል" አለ። ሙግቱ በዚሁ ተዘጋ።

ወፍጮ ቤቱ በገብስ ተራ ጠባቂዎች ተሞልቶ ነበር። ባለ ወፍጮው ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ ስናስቀምጥ አይቶ ወደ እኛ መጣ።

"ምንድን ነው፣ ስንዴ ነው ገብስ?"

"ባና ነው" አለ ባለቤቴ።

"ይሸርከት ወይስ ይድቀቅ?"

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። ባለቤቴም ቀስ ብሎ ሳቀ። አየር መንገዱ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅደው ሃያ ኪሎ ነው፤ የእኛ ሻንጣ ሃያ ሦስት መዘነ። ምን እንቀንስ እያልን ስንነጋገር የእሱ ስልክ ጮኸ።

ሞተሩ እየሠራ ነው። ባለቤቴ ስልክ ሲያነሣ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ይደፍንና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ያን ቀንም እንደዚያው አደረገ። ጀርባውን ነበር የማየው። "እሺ" ሲል ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ "እሺ፣ እሺ" አለ። እንደገና "እሺ ልጄ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ማን ነበር?"

"የአውሮፕላኖቹ ልጅ ናት።"

"ምን አለች?"

"ስለ በረራው ትናገራለች፤ ይኼ ወፍጮ አላሰማ አለኝ። መልእክት እልካለሁ ያለች መሰለኝ። ጥሩ ልጅ ናት።"

እኔም የሦስቱ ኪሎ ሐሳብ ይዞኝ ስለነበር አልመረመርኩትም። እሱ ትርፍ ጫማውን አወጣ፣ እኔ አንድ ቋጠሮ በሶ አወጣሁ፣ ሻንጣው ሃያ ሆነ፣ ወደ ቤታችን ተመለስን።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ እሺ ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱም የቀረው ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ባለቤቴ ገበሬ ነበር፤ ሰው ሲጣላ ደግሞ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነበር። ሽማግሌ ሆኖ ሲቀመጥ፣ አንዱ ባለ ጉዳይ "ወሰኔን ገፋ" ብሎ ሲናገር "እሺ" ይላል። ሌላው "ውሸቱን ነው፣ አባቴ ያወረሰኝ ነው" ሲል እሱንም "እሺ" ይላል። ሁለቱም "ለእኔ አደሉ" እያሉ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በማግሥቱ ፍርዱን ሲሰሙ ግን አንዱ "ትናንት እሺ ብለውኝ አልነበረም?" ይላል። "አዎ፣ ሰምቼሃለሁ ነው ያልኩህ" ይለዋል። እኔንም የጓዳውን በር ማጠፊያ እንዲሠራልኝ ስነግረው ሦስት ዓመት "እሺ" ብሎኛል። በእርግጥ የተስማማ ጊዜ ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይነሣና ያደርገዋል። የእሱ እሺ "ሰምቼሻለሁ፣ ቀጥዪ" ማለት ነበር። መንዝ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር የኖረች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። የስልኳ ልጅ ግን ከየት ታውቀው?

በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ባለቤቴ ከማሳ ገብቶ "ትንሽ ጋደም ልበል" አለ። ምሳ አቅርቤ ስጠራው አልመለሰልኝም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቀብሩ እንዳለቀ የመጀመሪያው ወሬ ስለ ልጄ ነበር። ልጄ አራስ ናት፤ ሕፃኗ ሃምሳ አምስት ቀኗ ነው። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ደንግጣ ጡቷ ቢደርቅስ? ሽማግሌዎቹም የንስሐ አባታችንም አንድ ቃል ሆኑ፦ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እናቲቱም ያን ቀን ከአራስነት ትወጣለች፤ እስከዚያ ማንም አይንገራት፤ ከዚያ በኋላ እናቷ በአካል ሄዳ ትንገራት። የልጄ ባል ብቻ እንዲያውቅ ተደረገ። እኔም ተስማማሁ። የእኔ እሺ እሺ ነው።

ልጄ ግን በየቀኑ ትደውላለች። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ግራና ቀኝ ለቀስተኛ ሞልቷል። ስልኬ ሲጮኽ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ የሚያነባውም እንባውን ያቆማል።

"አባዬስ?"

"ሽምግልና ሄዷል።"

"ትናንትም ሽምግልና ነበር።"

"የሰው ጠብ በዝቷል፣ ልጄ።"

በማግሥቱ "ጥርሱን ተነቅሏል፤ አፉ አብጦ መናገር አልቻለም" አልኳት።

"የትኛውን ጥርሱን? ደግሞስ ስንት ቀርቶት ነው?"

"ካሉት አንዱን ነዋ።"

በሦስተኛው ቀን በግ ጠፍቶ ፍለጋ ሄደ። በአራተኛው ቀን ሐሳብ አለቀብኝና ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት። ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ክንዴን ጎሰም አደረጉኝ።

"በግ ጠፍቶበት ሄዷል በያት።"

"ትናንት ብያታለሁ፣ እማማ።"

"ሌላ በግ ይጥፋ፤ በግ አጥታችሁ ነው እንዴ?"

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ወጡ። ሊያለቅሱ ይሁን ሊስቁ አላውቅም። ለማንኛውም ሁለተኛው በግም ጠፋ።

በአሥረኛው ቀን ገደማ የባለቤቴን ስልክ ከፍቼ መልእክቶቹን አየሁ። ከአየር መንገዱ የመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ነበር። መነጽሬን አድርጌ ቀስ እያልኩ አነበብኩት። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ቀን መቁጠሪያ አስመጥቼ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። የቅዳሜው በረራችን ተሰርዟል። የተዛወርነው ወደ ረቡዕ ነው። የልጅ ልጄ ሰማንያ ቀን የሚሞላው ግን ሰኞ ነው።

ክርስትናው እንደ ሠርግ ወዲያና ወዲህ አይገፋም። ረቡዕ ብደርስ በሰማንያ ሁለተኛው ቀን መድረሴ ነው። ሁለት ወላጅ ያላት ልጅ፣ ሁለታችንም ሳንታይ ሕፃኗን ክርስትና ልታስነሣ ነው። ያንን የሚሸፍን በግ የለኝም። የልጄ ባልም በስልክ በሹክሹክታ፣ "እማዬ፣ እዚህ የአገራችን ሰዎች ሰምተዋል፤ እስከ ክርስትናው ይችሉታል። ያን ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ግን 'እግዚአብሔር ያጽናሽ' የሚላት አንድ ሰው አይጠፋም" አለኝ። ስለዚህ ጉዳዩ አንድ ነበር፦ ከሰኞ በፊት ካልደረስኩ ልጄ የአባቷን ሞት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከእንግዳ ሰው አፍ ትሰማለች። በመኪና እንዳልሄድ ሁለት ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ አያስተማምንም ይባል ነበር።

መልእክቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ረጅም ሙዚቃ ከሰማሁ በኋላ አንዲት ልጅ አነሣች። የሆነውን ነገርኳት፤ ስለ ሞቱ ግን አልነገርኳትም። ኮምፒውተሯን ስትነካካ ይሰማኛል።

"እናቴ፣ ለውጡን እኮ ተቀብላችኋል።"

"ማን ነው የተቀበለው?"

"ባለቤትዎ። ደውለንላቸው ነበር።"

"ምን ብሎ ተቀበለ?"

"እሺ ብለዋል። እዚህ ተመዝግቧል።"

ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ነው እንጂ፣ አልኩ በልቤ። ለወሰን ገፊውም ለተገፊውም እሺ ያለ ሰው ለአውሮፕላን ይነፍጋል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት በማንበብ ነው። ቲኬቱ ሲቆረጥልን በልጄ በኩል የደረሱን ወረቀቶች ነበሩ፤ ከኋላቸው የጉዞው ውል ይባላል፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ፣ ማንም የማያነበው ነገር አለ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ተማሪዎቼን "ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አስታዋሽ አጥቶ የቆየ መዝገበ ቃላቴን አወጣሁና አንዱን ገጽ ለሁለት ቀን አነበብኩት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ተሳፋሪ በራሱ ፍላጎት ቀኑን ቢቀይር፣ ቦታ እስኪገኝ ወረፋ ይይዛል። አየር መንገዱ በራሱ ምክንያት ቀኑን ከቀየረ ግን ተሳፋሪው አዲሱን ቀን መቀበል ይችላል፤ ካልተቀበለ ደግሞ ባዶ ወንበር ባለበት በሌላ በረራ እንዲወስዱት መጠየቅ መብቱ ነው። አንዴ ከተቀበለ ግን አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ራሱ ፈቃድ ይቆጠራል።

እኔና እሺ እዚህ ላይ ተገናኘን። ባለቤቴ ከተቀበለ ወረፋ ነኝ፤ ካልተቀበለ መብት አለኝ።

ጎረቤቴን እማማን ወረቀቱን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አገላብጠው አዩት።

"ታዲያ እሺ ማለት እሺ አይደለም ብለሽ ልትሟገቺ ነው?"

"አዎ።"

"አዲስ አበባ ሄደሽ?"

"አዎ።"

"እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ወደ ዳኛ ሄጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ግን ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ጋግረው ላኩልኝ።

ሁሉም እንደሳቸው አልሆነም። የባለቤቴ አክስት ጉዞውን አልወደዱትም። "አፈሩ ሳይደርቅ፣ አርባው ሳይወጣ፣ ነጭ ለብሳ ወደ ድግስ?" አሉ፣ እኔ እንድሰማው ጮክ ብለው። ነጩ እውነት ነው። ልጄ በር ላይ ጥቁር ለብሼ ብታየኝ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ ነጩን ቀሚሴን አውጥቼ አጥቤዋለሁ። አክስቲቱ ይህን አይተዋል። የንስሐ አባታችን ነገሩን ጨረሱት። "ለእሱ እኛ እንጸልያለን" አሉኝ። "አንቺ ሂጂ። ለአርባው ግን ተመለሺ።"

ጥቁሬን ለብሼ፣ ነጩን ሻንጣ ውስጥ ከባናው ጋር አድርጌ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ክርስትናው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጠዋት የአየር መንገዱ ቢሮ ሄጄ ቁጥር ያለበት ወረቀት ወሰድኩ፤ ወንበሩ ምቹ ነው፤ መጠበቁ አልከበደኝም። ቁጥሬ ሲጠራ መስኮቱ ላይ አንድ ከረባት ያሰሩ፣ ድካም የሚታይባቸው ጎልማሳ ተቀበሉኝ። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋሁ። የውሉን ገጽ በእርሳስ አስምሬበት ነበር፤ አስምረው ያመጡ ተማሪዎችን ሁልጊዜ እወድ ነበር።

"እናቴ፣ ያነበቡት ትክክል ነው" አሉኝ። "ግን ይህ የሚሠራው ካልተቀበሉ ነው። እዚህ 'ተሳፋሪው ተቀብሏል' ይላል።"

"እሺ ስላለ ነው?"

"አዎ።"

"እሺ ማለት ተቀበልኩ ማለት አይደለም።"

"ታዲያ ምን ማለት ነው?"

"ቀጥዪ ማለት ነው።"

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። "እናቴ፣ እንዲህ ከሆነ በዚህ አገር እሺ ያለ ሰው ሁሉ አልተስማማም ማለት ነው" አሉኝ።

"አብዛኛው" አልኳቸው።

ቢጨንቃቸው ኃላፊያቸውን ጠሩ። ኃላፊዋ ሴት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች። ወደ ቢሮዋ አስገባችኝና ሁሉንም ከመጀመሪያው አዳመጠችኝ። ስጨርስ እሷም ፈገግ አለች።

"እናቴ ስልክ ላይ አርባ ጊዜ እሺ ትለኛለች" አለች። "አንዱንም አድርጋው አታውቅም። ይገባኛል። ግን እኔ የምሠራው በተመዘገበው ነው።"

"ስልካችሁ ሲነሣ 'ይህ ጥሪ ይቀዳል' ይላል" አልኳት። "የእሱስ አልተቀዳም?"

አየችኝ። ስለዚህ ያላሰበችው ይመስለኛል። ወደ አንድ ቦታ ደወለች፤ ቀንና ስልክ ቁጥር ሰጠች፤ ጠበቅን። ሻይ አዘዘችልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኮምፒውተሯ ላይ መጣላትና ድምፁን ከፈተችው።

መጀመሪያ የሰማሁት ወፍጮውን ነው። ከወፍጮው ውስጥ ድምፁ መጣ።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ከአየር መንገዱ ነው የምደውለው።"

"እሺ።"

"የቅዳሜው በረራ ስለተሰረዘ ወደ ረቡዕ ተዛውራችኋል።"

"እሺ፣ እሺ።"

"ረቡዕ ይመቻችኋል?"

"እሺ ልጄ፣ ቀጥዪ፤ እየሰማሁሽ ነው።"

"እንግዲያው ተቀብለዋል ብዬ ልመዝግብ? መልእክትም እልካለሁ።"

"ይኼ ወፍጮ አላሰማ አለኝ። ቀን የምታውቀው ባለቤቴ ናት፤ እሷን እጠይቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ባለቤቴ ስልክ መዝጋት አያውቅበትም ነበር፤ ሌላው ሰው እስኪዘጋ ነበር የሚተወው። ስለዚህ ቅጂው ትንሽ ቀጠለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ አንዲት ሴት "ማን ነበር?" ትላለች። ደስ የሚል፣ ችኩል ያለ ድምፅ ነው። የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ኃላፊዋ ድምፁን ዘጋችው። "ልክ ነዎት" አለችኝ። "'እሷን እጠይቃለሁ' ብለዋል። ይህ መቀበል አይደለም፤ ልጅቷ ቸኩላለች።" ከዚያ መጻፍ ጀመረች። "አሁን ባለቤትዎ ራሳቸው ቢደውሉልን ወይም ቢፈርሙ፣ የሁለታችሁንም አብሬ..."

"አይደውልም" አልኳት። "ሞቷል። በሁለተኛው ቀን ነው የሞተው።"

ለማያውቀኝ ሰው ቃሉን ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። አገሬ ላይ ለማን እነግራለሁ፤ ሁሉም ቀባሪ ነው። ጣቶቿ መጻፊያው ላይ እንዳሉ ቆሙ። ጥቁር ልብሴን ያን ጊዜ ያየችው ይመስለኛል።

"እንደገና ልሰማው እችላለሁ?" አልኳት።

እንደገና ከፈተችው፤ እስኪያልቅም ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች። ቅጂውን ልትሰጠኝ እንደማትችል ነገረችኝ፤ ደንብ ነው አለች፤ እኔም ደንብ አንብቤ የመጣሁ ሰው ነኝና አልተከራከርኩም። ከዚያ ሥራዋን ሠራች። 'ተቀብሏል' የሚለው ተሰርዞ 'አልተቀበለም' ተባለ። ከሰኞ በፊት ያለው ብቸኛ ባዶ ወንበር የዓርቡ ነበር፤ እሱን ጻፈችልኝ። የእሱን ስም ከጉዞው ስታወጣ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

"ዓርብ ይመችዎታል?" አለችኝ ስትጨርስ።

"እሺ" አልኩ።

እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሣችና ጠበቀችኝ።

"ተቀብያለሁ" አልኳት። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን።

እስከ ዓርቡ ድረስ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሰነበትኩ፤ የበጎቹ ነገር ከዚያም ሆኜ አልቀረልኝም፤ ልጄ በደወለች ቁጥር መጥፋታቸውን ቀጠሉ። ዓርብ ጠዋት እህቴ ቤት ጥቁሬን አውልቄ ነጩን ለበስኩ። አውሮፕላን ከምድር ሲለቅ ሆድ ወደ ኋላ ይቀራል ብለውኝ ነበር፤ እውነት ነው፤ ግን ቶሎ ይደርሳል። ከላይ ሆኜ ምድሩ ከቡናማ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አየሁ። እሱ አብሮኝ ቢሆን ኖሮ ከመስኮቱ በኩል ልቀመጥ፣ የለም እኔ ልቀመጥ ብለን እንከራከር ነበር።

ጋምቤላ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። የልጄ ባል ነጭ መልበሴን ሲያይ አንገቱን ደፋና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ቤት ስንደርስ ልጄ ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላ አየች።

"አባዬስ?"

"በጎቹን የሚጠብቅ ጠፍቶ ቀረ። ባናውን ግን ልኳል።"

ሻንጣውን ከፍቼ አወጣሁት። ልጄ ባናውን ስታይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "በዚህ ሙቀት! እውነትም አባዬ ነው የላከው" አለች። ሦስት ቀን እንደዚያ አሳለፍን። ሰኞ ማለዳ ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች፤ ውኃው ሲነካት ጮኸች፤ የልጄ ባል ዞሮ ስለለመናቸው የአገራችን ሰዎች ሁሉ እስከ ማግሥቱ ቃላቸውን ጠበቁ፤ አንድም ሰው አላመለጠውም። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ካህኑና ሁለት የአገራችን ሰዎች ደጅ ላይ ቆመው ሳለ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እኔው ነገርኳት።

ለረጅም ጊዜ አለቀስን። ፀሐይ ወጥታ ሰው ቤቱን ሲሞላው ወደ እኔ ዞረች።

"ስንት ቀን ዋሸሽኝ?"

"ሃያ ስድስት።"

"ጥርሱም ውሸት ነበር?"

"ጥርሱም።"

"እኔ እኮ ስለ ጥርሱ ባለሙያ ጠይቄ መድኃኒት ገዝቼለት ነበር" አለች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። መድኃኒቱን አሳየችኝ።

ለአርባው ተመለስኩ። እማማ በስልክ የነገርኳቸውን የቢሮውን ታሪክ ለጎረቤት ሁሉ አውርተውት ቆዩኝ፤ በሳቸው አፍ ነገሩ ትልቅ ችሎት ሆኖ፣ ዳኞቹም ሦስት ሆነዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት ከገጠር መጣች፤ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ አለቻት፤ ስልኳን ዘርግታ "ይኼ ምን ይላል?" አለችኝ። የልጅቷ በረራ በሁለት ቀን ቀድሟል፤ ማንም አልነገራቸውም፤ እነሱ ግን ገና ስንቅ እያሰናዱ ነበር። ከእሷ በኋላ ሌላ መጣች።

አሁን በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰዎች ቲኬታቸውንና ስልካቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። መነጽሬን አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፍላቸዋለሁ።